የሚሰራውን የፓይዘን ሞጁል ሳትነኩ ለኤክሴል መክፈት

ፍኖተ ሰላምም ሂዱ ቡሬ፣ ደብረ ማርቆስም ሂዱ ቢቸና፣ የህብረት ስራ ማህበር ቢሮ ስትገቡ ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ የምታገኙት ኤክሴል ነው። የበቆሎ ርክክቡ እዚያ ላይ ነው። የማዳበሪያ ዕዳውም፣ የአባላቱ መዋጮም እዚያው። ቀኑ ግን በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ ለገበሬው የተቆረጠው ደረሰኝ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ከባንክና ከአቅራቢ የሚመጣው ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ። ሁለቱን የሚያስታርቅ የፓይዘን ሞጁል አንድ የአካባቢው ልጅ ጽፎ አስቀምጧል እንበል። ይሰራል፣ ተፈትኗል። ግን መዝገብ የምትይዘው ሰራተኛ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ከፍታ ትዕዛዝ አትጽፍም። መጻፍም የለባትም። ስራዋ ኤክሴል ላይ ስለሆነ ሞጁሉ ነው ወደ እሷ መምጣት ያለበት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያደርገው ያንኑ ስሌት እንደ አዲስ በኤክሴል ማክሮ፣ ማለትም ኤክሴሉ ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም፣ መጻፍ ነው። አታድርጉት። አንድ ስሌት ሁለት ቦታ ከተጻፈ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል፤ ትንሽ ቆይቶ የጳጉሜን ነገር በትክክል የሚያውቀው የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም። የተፈተነ ነገር እጃችሁ ላይ እያለ ያልተፈተነ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?

የተሻለው መንገድ ሞጁሉን እንዳለ ትቶ ከላዩ ስስ ሽፋን ማልበስ ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ እህሉን ትሰጣላችሁ፣ ይድቀቅ ወይም ይሸክሸክ ትላላችሁ፣ ዱቄታችሁን ትቀበላላችሁ፤ ሞተሩ በናፍጣ ይዙር በመብራት አያገባችሁም። ኤክሴልም ከፓይዘኑ ጋር ያለው ግንኙነት እንደዚያ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ለዚህ ዊንዶውስ ላይ የቆየ መሳሪያ አለ። ኮም ይባላል። ማይክሮሶፍት በ1993 ያወጣው አሰራር ነው፤ በተለያየ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች አንዱ የሌላውን ዕቃ በስም ጠርቶ እንዲያሰራ ያደርጋል። ፓይዘንን ከኮም ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ማርክ ሃሞንድ የጀመረው ፓይዊን32 የሚባለው ጥቅል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእሱ ነው የሚሰራው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የኮድ ስሞችን የምጽፈው እንደሚነበቡ ነው፤ ኮዱ ውስጥ ስታስገቡ በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ ቢቱን እዩ

ከሁሉ በፊት ኤክሴሉ 32 ቢት ነው ወይስ 64 ቢት የሚለውን አጣሩ። ፋይል፣ ቀጥሎ አካውንት፣ ቀጥሎ አባውት ኤክሴል የሚለውን ስትጫኑ ከላይ ባለው መስመር ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ፓይዘኑን ክፈቱና ሲነሳ የሚጽፈውን የመጀመሪያ መስመር አንብቡ፤ እሱም ቢቱን ይናገራል። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ ሽፋኑ በኤክሴሉ ሆድ ውስጥ ሊጫን አይችልም፤ 64 ቢት ፕሮግራም 32 ቢት ዲኤልኤል (ሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚጫን የኮድ ፋይል) አይጭንምና። ብዙ ሰው ኮዱን ሲያገላብጥ የሚውልበት ጣጣ ከኮዱ ሳይሆን ከዚህ የሚመጣ ነው። በየቢሮው ያሉ አሮጌ ኦፊሶች ላይ 32 ቢቱ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ አዲስ የምታወርዱት ፓይዘን ግን ካልመረጣችሁ 64 ቢት ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል፣ ለኤክሴሉ የሚስማማውን ፓይዘን መርጣችሁ ጫኑ።

ስትጭኑ ፓይዘኑን ከራሱ ከፓይዘን ድረ ገጽ አውርዱት፣ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚለውንም ምረጡ። ፓይዊን32ን መጫን በፒፕ፣ በፓይዘኑ የጥቅል መጫኛ፣ አንድ መስመር ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቢሮ ከሆነ ኔት ያለበት ቦታ ላይ በፒፕ ዳውንሎድ ፋይሉን አውጥታችሁ በፍላሽ ውሰዱት። የፓይዘኑ ቁጥርና ቢቱ ግን ከቢሮው ማሽን ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ለ3.11 የወረደው ለ3.12 አይገባላችሁም። ከደብረ ማርቆስ ቢቸና ድረስ ሄዶ የማይሆን ፍላሽ መሰካት ምን ያህል እንደሚያናድድ መናገር አያስፈልግም።

ሞጁሉ ውስጥ ያለው

አንነካውም ስል አናነበውም ማለቴ አይደለም። ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ በደንብ ሳታውቁ ሽፋን አትጽፉ። የኛ ምሳሌ ውስጥ ዋናው ስሌት ይህች ናት፦

ተራ = 2796 + 365 * (ዓመት - 1) + ዓመት // 4 + 30 * (ወር - 1) + ቀን - 1

ይህ መስመር እንዳለ ፓይዘን 3 ላይ ይሰራል፤ ፓይዘን 3 የኛን ፊደል ለተለዋዋጭ ስም ይቀበላል። 2796 ማለት የመስከረም 1 ቀን 1 ዓመተ ምህረት ተራ ቁጥር ነው፣ ፓይዘን ራሱ ቀኖችን በሚቆጥርበት አቆጣጠር። ለ4 የማካፈሏ ነገር ጳጉሜ 6 የምትውልባቸውን ዓመታት ትይዛለች። ወደ ኋላ ስንመለስ ደግሞ እንዲህ ነው፦

ልዩነት = ተራ - 2796
ዓመት = (4 * ልዩነት + 1463) // 1461
ቀሪ = ልዩነት - 365 * (ዓመት - 1) - ዓመት // 4
ወር = ቀሪ // 30 + 1
ቀን = ቀሪ % 30 + 1

1461 የአራት ዓመት ቀናት ድምር ነው፣ ሦስቱ 365 አንዱ 366። መስከረም 1 ቀን 2017ን አስገቡና ሞክሩት፤ ተራ ቁጥሩ 739140 ይወጣል፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ማለት ነው። ይህንን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ ኤክሴል ላይ እንፈትንበታለን።

ሞጁሉ የፓይዘን ቀን ይቀበላል፣ ሦስት ቁጥሮች ይመልሳል። ኤክሴል ደግሞ የፓይዘን ቀን የሚባል ነገር አያውቅም። የሽፋኑ ሥራ እንግዲህ ይሄው ነው፤ ከኤክሴል የመጣውን ሞጁሉ ወደሚያውቀው መለወጥ፣ ሞጁሉ የመለሰውን ኤክሴል ወደሚያውቀው መለወጥ፣ ስህተት ሲመጣም ሰው በሚገባው መንገድ መናገር። ከዚህ ያለፈ ስሌት ሽፋኑ ውስጥ ከጻፋችሁ ያው ሁለት ቦታ መጻፍ ተመልሶ መጣ።

ሽፋኑ

አዲስ ፋይል ክፈቱ። ስሙ አጭር፣ በላቲን ፊደል፣ ክፍት ቦታ የሌለበት ይሁን፤ ፓይዘን በዚህ ስም ነው ኢምፖርት የሚያደርገው። ውስጡ አንድ ክላስ ጻፉ። የክላሱ ኢኒት፣ ዕቃው ሲፈጠር የሚሰራው ክፍል፣ ምንም ነገር የግድ መጠየቅ የለበትም፣ ምክንያቱም ኤክሴል ዕቃውን ሲፈጥር ባዶ እጁን ነው የሚጠራው።

ክላሱ ላይ ፓይዊን32 የሚፈልጋቸው ጥቂት ባህሪዎች አሉ። ሁሉም ከፊት አንድ፣ ከኋላም አንድ የታች ሰረዝ አላቸው። ፐብሊክ ሜተድስ የሚባለው ከውጭ የሚታዩ ሜተዶች ዝርዝር ነው። እዚህ ያልተጻፈ ሜተድ ለኤክሴል የለም፤ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ረዳት ሜተዶቻችሁን ደብቃችሁ ማኖር ትችላላችሁና። ሬግ ፕሮግ አይዲ ኤክሴል የሚጠራበት ስም ነው፣ ለምሳሌ ጎጃም ነጥብ ቀን፣ በላቲን ፊደል ተጽፎ። ከ39 ፊደል አይለፍ፣ በቁጥርም አይጀምር። ሬግ ዴስክ አጭር መግለጫ ነው። ሬግ ሲኤልኤስ አይዲ ደግሞ የዕቃው መለያ ቁጥር ነው።

ይሄ መለያ ቁጥር ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ፓይዘን ኮም የሚለውን ሞጁል ኢምፖርት አድርጋችሁ ክሪኤት ጉኢድ የምትለዋን ጥሩ፣ አዲስ ቁጥር ትሰጣችኋለች፣ እሱን ኮዳችሁ ውስጥ ለጥፉት። ከሌላ ሰው ምሳሌ ላይ መቅዳት የለም። ሁለት ዕቃ በአንድ ቁጥር ከተመዘገበ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽረዋል፣ ከዚያ የማታውቁት ፕሮግራም ይቆምባችኋል። በየጊዜው አዲስ ማውጣትም የለም፤ ኮዱን ስታሻሽሉ ቁጥሩ ያው ይቀጥል፣ አለዚያ ሬጅስትሪው፣ የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ፣ ውስጥ የሞተ ስም ይከማቻል።

አሁን ሜተዱ። ቀኑን ከኤክሴል እንዴት እንቀበል? ዝም ብላችሁ የሴሉን ቫልዩ የሚባለውን ባህሪ ብትልኩ የኮም ቀን ሆኖ ይመጣል፣ ፓይዘን ጋ ሲደርስ የሰዓት ቀጠና የተለጠፈበት ዕቃ ይሆናል፣ ከሌላ ቀን ጋር ስታወዳድሩት ይጨቃጨቃችኋል። ቫልዩ2 ላኩ። ቫልዩ2 ቀኑን እንደ ተራ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ለምሳሌ 45546 ነው። እዚያ ላይ 693594 ስትደምሩ 739140 ይመጣል፣ ቅድም ያዙት ያልኳችሁ ቁጥር። ከማርች 1900 ወዲህ ላለ ቀን ሁሉ ይህ ድምር ልክ ነው፤ ከዚያ በፊት ላለው አይሰራም፣ ኤክሴል 1900ን ፌብሩዋሪ 29 ያላት ዓመት አድርጎ ስለሚቆጥር። ለበቆሎ ርክክብ ግን እዳው ገብስ ነው።

ቁጥሩ አስርዮሽ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ 45546.0። ሰዓት ካለበትም 45546.75 ይሆናል። በኢንት ቁረጡት፣ 693594ቱን ደምራችሁ ወደ ፓይዘን ቀን ለውጡና ለሞጁሉ ስጡት። ባዶ ሴል ነን ሆኖ ይመጣል፣ እሱን መጀመሪያ ላይ አይታችሁ ባዶ ጽሑፍ መልሱ። አለበለዚያ ያልተሞላ ረድፍ ሁሉ ስህተት ይጽፋል።

መልሱን በምን መልክ እንስጥ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሽፋናችሁ 1/1/2017 ብሎ ጽሑፍ ቢመልስና ማክሮው ሴሉ ላይ ቢጽፈው ኤክሴል አንብቦት ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ያደርገዋል። ሴሉ ላይ የሚታየው ያው ነው፣ ውስጡ ግን የፈረንጅ ቀን ሆኗል። ማንም አያስተውለውም፣ እስከ ሂሳብ መዝጊያ ድረስ። ስለዚህ የወሩን ስም አስገብታችሁ መልሱ፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ብሎ። ኤክሴል ይህንን ቀን ነው ብሎ ሊጠመዝዘው አይችልም። አንባቢውም አይደናገር። የወራቱን ስም ፓይዘኑ ፋይል ውስጥ ጻፉት፣ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጡት። ኮም ጽሑፍን በዩኒኮድ ስለሚያስተላልፍ ፊደላችን ሳይበላሽ ሴሉ ላይ ያርፋል።

መመዝገብ

ፋይሉ መጨረሻ ላይ ከዊን32ኮም ሰርቨር ሬጅስተር ውስጥ ዩዝ ኮማንድ ላይን የምትለዋን በክላሳችሁ ጥሩ። ከዚያ ጥቁሩን መስኮት በአድሚኒስትሬተር ክፈቱና ፋይሉን አንዴ አስነሱት። መመዝገቡን ይነግራችኋል። በቃ፣ አለቀ። ማስወጣት ስትፈልጉ ያንኑ ፋይል አንሬጅስተር የሚለውን ቃል ከሁለት ሰረዝ ጋር ጨምራችሁ አስነሱት።

ሲመዘገብ የፎልደሩ አድራሻ አብሮ ይጻፋል። ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጣችሁ መዝግባችሁ በኋላ ሌላ ቦታ ብትወስዱት ኤክሴል አያገኘውም። መጀመሪያውኑ ማንም የማይነካው ቦታ ላይ አስቀምጡት፣ ሲ ድራይቭ ላይ የራሱን ፎልደር ክፈቱለት።

ቢቱ ሳይስማማ ቀርቶ ኤክሴሉንም ፓይዘኑንም መቀየር ካልቻላችሁ መውጫ አለ። ሬግ ሲኤልኤስ ሲቲኤክስ የሚለውን ባህሪ ሎካል ሰርቨር ብላችሁ ስታስቀምጡ ፓይዘኑ ከኤክሴሉ ውጭ በራሱ ሂደት ይነሳል። ሁለቱ በተለያየ ቢት መነጋገር ይችላሉ። ዋጋው ፍጥነት ነው፣ እያንዳንዱ ጥሪ ከአንድ ሂደት ወደ ሌላው ስለሚሻገር።

ከኤክሴል መጥራት

ኤክሴል ውስጥ አልትና ኤፍ11 ተጭናችሁ የማክሮውን መጻፊያ ክፈቱ፣ ሞጁል ጨምሩ። ክሪኤት ኦብጀክት ብላችሁ በፕሮግ አይዲው ስም ዕቃውን ጥሩ። ዕቃውን የያዘው ተለዋዋጭ ከፈንክሽኑ ውጭ ይሁን፣ ባዶ ሲሆን ብቻ ይፈጠር፤ በየሴሉ አዲስ ከፈጠራችሁ ፋይሉ ይንቀራፈፋል። ከዚያ ይህን የሚጠራ አጭር ፈንክሽን ጻፉ። ሰራተኛዋ ሴል ላይ እኩል ይሆናል ብላ ስሙን ጽፋ ሴሉን ትመርጣለች፣ ቀኑ ይመጣል። ፋይሉ በኤክስኤልኤስኤም ይቀመጥ፣ ካልሆነ ማክሮው አብሮ አይቀመጥም።

የማክሮ መጻፊያው ውስጥ አማርኛ አትጻፉ። የጥያቄ ምልክት ነው የሚሆነው። መልዕክት ሳጥኑም እንደዚያው ነው፣ ከፓይዘን ደህና የመጣውን የአማርኛ መልዕክት በሜሴጅ ቦክስ ብታሳዩ ጥያቄ ምልክት ብቻ ይደረደራል። አማርኛው ሁሉ ፓይዘኑ ውስጥ ይኑር፣ የሚታየውም ሴል ላይ ይሁን።

ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ፣ ማለትም የአንድ ወረዳ ሙሉ የርክክብ መዝገብ ሲሆን፣ ሴል በሴል መጥራት ትታችሁ ዓምዱን በአንዴ ላኩት። የዓምዱ ቫልዩ2 ፓይዘን ጋ ሲደርስ በረድፍ በረድፍ የተከፋፈለ ቱፕል (የማይለወጥ የፓይዘን ዝርዝር) ነው፣ እያንዳንዱ ረድፍ ራሱ ቱፕል። መልሱንም በዚያው ቅርጽ ስጡ፣ ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር፣ እያንዳንዱ አንድ ነገር የያዘ። አንድ ሴል ብቻ የተመረጠ እንደሆነ ግን ቱፕል ሳይሆን ቁጥሩ ራሱ ነው የሚመጣው። ሽፋኑ ይህን አይቶ መለየት አለበት።

በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው ቀን

ከእኛ ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ሜተድ ከላይኛው ይከብዳል፣ ችግሩም ኮዱ ጋ ሳይሆን ቁልፍ ሰሌዳው ጋ ነው። ሰራተኛዋ ኅዳር 12 ቀን 2016 ለማለት 12/3/2016 ብላ ትጽፋለች። ኤክሴል ግን ዝም ብሎ የ2016 የፈረንጅ ቀን ያደርገዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብትል ግን በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። አንድ ዓምድ ውስጥ ገሚሱ ቀን ገሚሱ ጽሑፍ ይሆናል ማለት ነው። የከፋው ጳጉሜ ነው። ማሽኑ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተዋቀረ ጳጉሜ 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብሎ የጻፈ ሰው ሜይ 13 አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

ይህንን ሽፋኑ ውስጥ ገብታችሁ ለመጠገን አትሞክሩ፤ አንዴ ከተለወጠ በኋላ ሰውየው ምን ሊል እንደፈለገ የሚያውቅ ኮድ የለም። ሦስት ዓምድ አድርጉት፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ሜተዱም ሦስት ቁጥር ይቀበል። ሰራተኞቹ መጀመሪያ ላይ ሦስት ቦታ መጻፍ ሊከብዳቸው ይችላል፣ ታገሷቸው፤ ምክንያቱን ከጳጉሜዋ ምሳሌ ጋር ስታሳዩአቸው ይቀበሉታል።

ሦስቱ ቁጥሮች ሲመጡ ሽፋኑ ያጣራ። ወር ከ1 እስከ 13፣ ቀን ከ1 እስከ 30፣ ጳጉሜ ደግሞ 5፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈው ግን 6። 2015 ጳጉሜ 6 ነበራት፣ 2016 የላትም። የማይሆን ቀን ሲመጣ ፓይዘን ውስጥ ስህተት ጥላችሁ ብትተዉት ሴሉ ላይ የሚመጣው ምንም የማይናገር #VALUE! የሚል ስህተት ነው። ይልቅ ጳጉሜ 6 በ2016 የለም የሚል ጽሑፍ መልሱ። ሰራተኛዋ አንብባ ራሷ ታርመዋለች፣ ለእናንተም አትደውልም። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው የምትሰሩ ከሆነ ግን ኮም ኤክሴፕሽን የምትለዋን ከነመግለጫዋ ጣሉ፣ የጠራው ኮድ ይይዘዋል።

ሳይሰራ ሲቀር

429 የሚል ስህተት ካያችሁ ዕቃው መፈጠር አልቻለም ማለት ነው፤ ያልተመዘገበ፣ ቢቱ ያልተስማማ ወይም ፎልደሩ የተነሳ ይሆናል፤ በዚሁ ቅደም ተከተል እዩት። ኮዱን አሻሽላችሁ ለውጡ ካልታየ ኤክሴሉን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ ሁሉንም ፋይል። የተጫነው ሞጁል ኤክሴል እስኪዘጋ ድረስ አሮጌው ነው። ውስጥ ያለውን ለማየት የምታስቀምጡት ፕሪንት የትም አይታይም፤ ዲበግ የሚለውን ቃል ከሁለት ሰረዝ ጋር አድርጋችሁ እንደገና መዝግቡና በሌላ ጥቁር መስኮት ዊን32 ትሬስ ዩቲል የሚለውን አስነሱ፣ ጥሪው ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ስትጨርሱ ያለ ዲበግ መልሳችሁ መዝግቡ።

በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ፓይዘኑም ምዝገባውም የግድ ነው። ለሁለትና ለሦስት ማሽን ይህ መንገድ በጣም ጥሩ ነው። ቢሮው አስርና ከዚያ በላይ ማሽን ካለው ያንኑ ሞጁል በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንደ ትንሽ የውስጥ ሰርቨር አስነስታችሁ ሌሎቹ በኔትወርክ ይጠሩት፤ ሽፋኑ ይቀየራል፣ ሞጁሉ ግን ያኔም አይነካም።